በእጅ የተሞላች ፊደል

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አውራ ጣቴ እስኪጎብጥ፣
የዳኛ ልየውን ቃል ስመታ፣ ስገለብጥ፣
ከጽሕፈት መኪናዬ አንዲት ፊደል እምቢ አለች፤
‘ፍ’ ናት፤ ስነካት ዘላ፣ ነጭ ቦታ ትታ አለፈች።

«ወርቅያንጥፉ» ይለኛል፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
«ያቺን በእጅሽ ሙያት፣ መዝገቡ ሳይወጣ ቶሎ፤
ፍርድ ‘ፍ’ ከጎደለው፣ የሚቀረው እርድ ነው፤
ለእርድ ደግሞ በሬ እንጂ፣ ሰው ቀጠሮ የለው።»

ሞላሁ፣ በሰማያዊ ቢክ። ማንም ልብ አላለው።

በብስክሌት ነበር የሚመጣ፣ የሱሪውን እግር በክር አስሮ፣
በዘንባባዎቹ ሥር አልፎ፣ የቀኑን መዝገብ ቆጥሮ።
አንዴ አንዱ ባለጉዳይ ቀረሶ በፌስታል ቢያመጣ፣
«ኤግዚቢት ነው፣ መዝግቢው» አለኝና ወደ ችሎቱ ወጣ።
እስከ አሥር ሰዓት ድረስ መዝገብ ቤቱ ሸተተ፤
ሕጉ ግን አልሸተተ።

ያ የነአወል ጎሹ ክስ፣ ትዝ ይለኛል፣ ክረምት ነበር፤
ደንገል አጫጆች፣ ታንኳ ሠሪዎች፣ ከሐይቁ ዳር አፈር
ተነሡ የተባሉ፤ ካርታ የሌላቸው፣ ማኅተም፣
ባለ ሰማንያ ገጽ ጠበቃ ፊት ባዶ እጃቸውን፣ ዝም።
ዳኛ ልየው ፈረደ፤ ድምፁን እንኳ አልጨመረ፦
«ከካርታው በፊት ደንገሉ፣ ከደንገሉም ጋር ሰው ነበረ፤
ሐይቁ ሸሽቶ ሲመለስ፣ ድንበሩ በነሱ እግር ተቆጠረ።»
አሥራ አንድ ገጽ። አርባ ሦስት ‘ፍ’።
ሞላኋቸው ሁሉንም፣ አንዷን እንኳ ሳላልፍ።

ከዚያ ሹመት መጣ።

ብስክሌቱን ለዘበኛው፣ ለፈንቴ አስረከበና፣
ነጭ መኪና ውስጥ ገባ፣ መስታወቷ ጥቁር ደመና።
«ታች ሆኜ» አለን ሲሰናበት፣ «የደፈረሰ ሳጣራ ኖርሁ፤
አሁን ወደ ምንጩ ልውጣ።» እውነቱን ነበር። አመንሁ።
አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ የቢሮው ደጃፍ ጠራ፤
ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባዩ ደላላ ከበሩ ሸሸ፣ ፈራ።

በሦስተኛው ዓመት ግልባጭ ደረሰን፦
«ጉዳዩ፦ ለሎጅ ግንባታ ቦታ ስለመፍቀድ።»
በኮምፒውተር የተጻፈ፣ መስመሩ የማይዛነፍ፤
ያው ዳር፣ ያው ደንገል፤ ፊርማው የሱ፤ አንድም ያልጎደለ ‘ፍ’።

መዝገቡን ታቅፌ ሄድሁ። ሁለት ሰዓት ጠበቅሁ ወንበር ላይ።
መስኮቱ ጋ ቆሞ አነበበው። ከመስታወቱ ወዲያ፣ ሐይቁ ላይ፣
እምቦጭ አብቧል፣ ወይን ጠጅ፣ ሲያዩት ደስ የሚል ምንጣፍ፤
ከሥሩ ግን ዓሣው ትንፋሽ አጥቶ የሚከፍተው አፍ።

«ግሩም ፍርድ ነው» አለ ሲጨርስ፤ «ዳኛው ማን ነበር?»
ቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልሁ። እሱ አልሳቀም፤
አውራ ጣቱ ሰማያዊዋ ‘ፍ’ ላይ ሲደናበር
አየሁት፤ ያጥፋት ያድምቃት፣ እስካሁን አላውቅም።
ከዚያ የጥንቱን የችሎት ቃል፣ በጥንቱ ድምፅ፦
«ይደር።»

ዳር ላይ አወል ጎሹ አዲስ ታንኳ ይጠፍራል ጎንበስ ብሎ።
«የድሮዋስ?» አልሁት። «ከበደች» አለኝ፣ ገመድ በጥርሱ አንጠልጥሎ፤
«ደንገል እኮ ወዲያው አይሰምጥም፤ ውሃ ይጠጣል ቀስ በቀስ፤
አንቺም ልብ አትይውም፣ መቅዘፊያው እስኪከብድሽ ድረስ።
ያኔ ወደ ዳር ነው መጎተት፤ ፀሐይ ካገኘች ትደርቃለች፤
ካልሆነም...»
ገመዱን ጠበቅ አደረገ።

መዝገቡ አልተመለሰም። ቀጠሮም የለው።
እኔም ጡረታ ወጣሁ። ቢኬ ግን ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤
አልፎ አልፎ፣ ቀለሙ መድረቁን ላይ፣
እሞክረዋለሁ መዳፌ ላይ፦
ፍ።